በሬ ያጣ ሰርዶ

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ ስለ ሰው የተነገረ እንጂ ስለ ሣር የተነገረ አይመስለንም ነበር። በዚህ ተቋም የሥነ ሕይወት ትምህርት ስንከታተል ግን ነገሩን ሌላ ሆኖ አገኘነው። ተረቱ ቃል በቃል እውነት ነው። ሰርዶ በሚበቅልበት አገር ሰርዶ የሚግጥ በሬ አለ፤ አንዱ ሌላውን ልክ ያስይዘዋል። ታዲያ በሬውን ጥሎ ከሩቅ አገር የመጣ ሰርዶ ቢኖርስ? ማን ይግጠዋል?

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ለእጩ መምህራን ልናካፍል የፈለግነው ይህንኑ ነው። ነገሩን ያነሳነው ግን ከመጽሐፍ ተነስተን ብቻ አይደለም። አንድ የምናፍርበት የራሳችን ጥፋት ስላለ ከዚያ እንጀምራለን።

እኛ የመተማ ልጆች ነን። መተማን ለማያውቅ ሰው፦ ከጎንደር በአዘዞ በኩል የሚወጣው መንገድ አይከልን አልፎ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ገንዳ ውኃን ያልፍና መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ጋላባት ነው፤ ሱዳን። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት አገር ነው። በበጋ ምድሩ ምጣድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ዋልካው ጭቃ ጫማ አውልቆ ያስቀራል። ወላጆቻችን ወደዚህ አገር የገቡት በ1996 ዓ.ም. በሰፈራ፣ ከሰሜን ወሎ ከቆቦ አካባቢ ተነስተው ነው። እኛ የተወለድነው እዚያው ቆላ፣ ከሰሊጡና ከማሽላው መካከል ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለን የወላጆች በዓል ደረሰና አስተማሪያችን በባንዲራው ሥር አበባ እንድንተክል አዘዙን። በበጋ ቆላ ላይ አበባ ከየት ይምጣ? ወዲያ ወዲህ ስንል በአውራ ጎዳናው ዳር፣ የጭነት መኪናዎች በሚቆሙበት ቦታ አንድ ተክል አየን። ሌላው ሣር ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ ለምልሟል። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ፣ አበባው ነጭና ደቃቅ፣ ራሱ ላይ ቅንጬ የተበተነበት የሚመስል ነው። ደስ አለና! ከነሥሩ እየነቀልን ወስደን በድንጋይ ከበን ተከልነው። ብዙ ውኃ እንኳ ሳይፈልግ ጸደቀ። አስተማሪያችንም በሰልፍ ላይ አስወጥተው አስጨበጨቡልን።

በበዓሉ ቀን እናታችን መጣች። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም። ባንዲራው ሥር ስትደርስ ቀጥ አለች።

«ይኸን እዚህ ማን አመጣው?» አለች።

አስተማሪያችን በኩራት «ልጆቹ ናቸው» አሏት።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ አበባ አይደለም። ቅንጬ ነው። ቆቦ ላይ መሬታችንን የቀማን ይሄ ነው። ያስነቅሉት።»

አስተማሪያችን ሳቁ። «እናቴ፣ አበባ ነው እኮ! ልጆቹ ስንት ደክመውበት!» አሏት።

እሷም አልመለሰችም። ነጠላዋን አደግድጋ በባዶ እጇ ትነቅለው ጀመር። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኛማ መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን! ግማሹን እንደነቀለች ዘበኛው መጥቶ አስቆማት። ማታ ሁለቱም ክንዷ ሽፍ ብሎ ስታክ አደረች። እኛ ግን አላዘንንላትም፤ «በሰው ፊት አዋረድሽን» ብለን አኮረፍን። ይባስ ብለን በማግስቱ የነቀለችውን መልሰን ተከልነው።

እንግዲህ ጥፋታችን ይኸው ነው። አሁን ወደ ትምህርቱ እንለፍ።

እናታችን ቅንጬ ያለችው አረም በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ይባላል። የትውልድ አገሩ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያና በአሜሪካ የሞቃት አገሮች ነው። ወገኑን ብትጠይቁ ከሱፍ፣ ከኑግ፣ እንዲያውም ከምንወዳት ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው! ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ ተመራማሪዎች ሁለት መንገድ ይጠቅሳሉ። አንደኛው፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከጦር ተሽከርካሪ ጎማ ጋር ነው፤ ሁለተኛው፣ በድርቅ ጊዜ ከውጭ ከመጣ የእርዳታ እህል ጋር ነው። በምሥራቅ በሐረርጌና በድሬዳዋ፣ በሰሜን ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል መታየቱ ለዚህ ግምት መነሻ ሆኗል። የሐረርጌ ኦሮሞ ገበሬ «ፈረምሲስ» ይለዋል፤ መሬትህን አስፈርሞ የሚወስድ እንደ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ስም ማን ያወጣለታል?

ይህ የእኛ አገር ዕጣ ብቻ አይደለም። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 ገደማ ፑኔ በምትባል ከተማ ታየ፤ ከአሜሪካ ከመጣ ስንዴ ጋር እንደገባ ይነገራል። ከዚያም አገሩን አዳረሰው። አውስትራሊያም ውስጥ ለከብት መኖ ተብሎ ከቴክሳስ ከመጣ የሣር ዘር ጋር ገብቷል። ልብ በሉ፦ አንዱም ቦታ በራሱ እግር አልሄደም። ጆንያው፣ ጎማው፣ የሣር ዘሩ የእኛ የሰዎች ነው።

ግን ከሩቅ የመጣ ዘር ሁሉ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። እንዲህ ካልንማ በርበሬያችንን፣ በቆሎውንና ቲማቲሙን ምን ልናደርጋቸው ነው? እነሱም የአሜሪካ ተወላጆች ናቸው። መተማ ከተማ ላይ ጥላ የሚሰጠን የኒም ዛፍ ከህንድ በኩል የመጣ ነው። እኛ ራሳችንስ የሰፋሪ ልጆች አይደለንም? በበጋና በክረምት ለሰሊጥ ሥራ ከየአውራጃው የሚጎርፈው ሳሉግ፣ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ልጁን አዝሎ በመተማ በኩል የገባው ሕዝብ፣ ሁሉም ሰው ነው፤ እንግዳ ነው። ይህን የአረም ነገር ወስዶ በሰው ላይ የሚተርት ቢኖር አልተግባባንም። ችግሩ ከሩቅ መምጣት ብቻ አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ በሬውን ጥሎ መምጣቱ ነው። ፓርቴኒየም በትውልድ አገሩ ቅጠሉን የሚበላ ጢንዚዛ አለበት፤ ግንዱን የሚቦረቡር ነቀዝ መሰል ተባይ አለበት፤ የሚያደርቀው በሽታ አለበት። በመርከብ ተጭኖ የመጣው ግን ዘሩ ብቻ ነው። እዚህ ሲደርስ ጠላት የለውም። የእኛ አገር ተባይ ደግሞ ጣዕሙን አያውቀውም። በሬ ያጣ ሰርዶ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የዘሩ ብዛትና የዕድገቱ ፍጥነት ነው። አንድ ትልቅ ተክል እስከ 25,000 ዘር ሊያፈራ ይችላል። በበቀለ በአንድ ወር፣ ቢበዛ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ያብባል። እርጥበት ካገኘ ክረምት በጋ አይልም። አፈር የለበሰው ዘር ደግሞ ለዓመታት ሳይሞት ተኝቶ ይቆያል። እንግዲህ በመተማ ዋልካ ላይ የሚሄድ አንድ መኪና በጎማው ጭቃ ስንት ዘር ይዞ እንደሚጓዝ አስቡት።

ሦስተኛ፣ ራቁቱን የቀረ መሬት ይፈልጋል። ይህ ዋናው ነጥብ ነው። ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ ባለበት፣ ሥሩ በተያያዘበት ቦታ ዘሩ ቢወድቅም አይመቸውም፤ ብርሃንም ውኃም ተሻምቶ ማግኘት አለበት። መንገድ የተጠረገበት፣ ጫካው ተመንጥሮ አፈሩ የተገለበጠበት፣ ከብት የረገጠው ቦታ ግን ለእሱ የተነጠፈ አልጋ ነው። የእኛ ቆላ የእጣን ዛፍ፣ የግራር፣ የሽመልና የረጃጅም ሣር አገር ነበር። ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ነገር ግን ለሰፈራም ለሰሊጥ እርሻም ብዙ ተመንጥሯል። የእኛ ቤተሰብም ድርሻውን መንጥሯል፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ ያኔ ሌላ የምንበላው አልነበረንም። ብቻ መሬቱን ያዘጋጀንለት እኛው መሆናችንን ማወቅ ይገባናል።

አራተኛ፣ እጅግ ያስገረመን፣ ከብቶቻችን ራሳቸው ያግዙታል። እንዴት? ከብት ፓርቴኒየምን እየሸሸ ጎን ለጎን ያለውን ጥሩ ሣር መርጦ ይግጣል። ሰርዶው በአንድ በኩል በከብት ጥርስ፣ በሌላ በኩል በአረሙ ጥላ ይጠቃል። በዚህ ላይ አረሙ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣ፣ ሌላው ዘር እንዳይበቅል የሚያደርግ መርዝ አለው። ሣሩ ሲመነምን መሬቱ ይራቆታል፤ መሬቱ ሲራቆት አረሙ ይጨምራል። አያችሁ? በሬው አረሙን ሊግጥ ቀርቶ ጎረቤቱን እያረመለት ነው! የአገሩ በሬ ለእንግዳው ሰርዶ ገባር ሆነ ማለት ነው።

ውጤቱስ? በጅጅጋ ሜዳ የተደረገ ጥናት አረሙ በበዛ ቁጥር ከመሬት በላይ ያለው ሣር እየተመናመነ መሄዱን አሳይቷል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ አረሙ ከዘር እስከ አጨዳ ሳይነቀል ከተተወ ከ40 እስከ 97 በመቶ የሚሆነው ምርት እንደሚጠፋ አረጋግጧል። 97 በመቶ ማለት ከመቶ ቁና ሦስት ቁና ብቻ ወደ ቤት መግባት ማለት ነው። ርቧት የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። የሚነቅለው ሰው ቆዳው ይሸፍናል፤ የአበባው ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቀዋል። የእናታችን ክንድ ያን ሌሊት ለምን እንደነደደ የገባን እዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ይህን ስንማር ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «በእጅ አይነካም» ብለው ሲጽፉ አንገታችንን ደፋን።

ደግሞ ከፓርቴኒየም ሌላ በአራቱም አቅጣጫ የከበቡን አሉ። ወደ ምሥራቅ ብንመለከት ጣና ነው፤ በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ ታየበት። የአማዞን ተወላጅ ነው፤ አበባው ሐምራዊና ውብ ነው፤ እንደ እኛ ነጭ አበባ ማለት ነው። ወደ ምዕራብ ብንሄድ ያው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ1958 በነጭ ዓባይ ላይ ታይቷል። ሱዳኖች መስኪት የሚሉት እሾሃማ ዛፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 በረሃ ይከላከላል ተብሎ ካርቱም ገባ፤ በኋላም በከሰላና በአዲሱ ሐልፋ አካባቢ ተተከለ። ከዚያ የመስኖ እርሻውን ወረረውና እ.ኤ.አ. በ1995 መንግሥታቸው እንዲጠፋ አወጀበት። የኛው አፋርም ያው ዛፍ በ1970ዎቹ ለበጎ ተብሎ ተተክሎበት ዛሬ የአዋሽን ግጦሽ ነጥቆታል። መስኪትን የተከሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ እኛም ክፉ አልነበርንም። ሁላችንም ግን ከመትከላችን በፊት አልጠየቅንም።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዱ መንገድ በሬውን ከአገሩ ማምጣት ነው። ቅጠሉን የምትበላ አንዲት የሜክሲኮ ጢንዚዛ አለች፤ ህንዶች ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ ለቀዋታል። ወደ እኛም አገር መጥታ አምቦ ላይ በጥብቅ ጥበቃ ተዘግቶባት፣ ኑግን ለመሰለ የቅርብ ዘመዱ አደጋ እንዳትሆን ከተፈተነች በኋላ በወለንጪቲ በኩል ተለቃለች። ፈተናው ለምን አስፈለገ ቢባል፣ አንዱን እንግዳ ለመግታት ሌላ እንግዳ ሲጋበዝ ካልተጠነቀቁ ነገሩ «ከድጡ ወደ ማጡ» ስለሚሆን ነው። ይህ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ ለእኛ ለመምህራን የሚቀረን ቀላሉ ነው። ይኸውም አረሙን ገና ሳያብብ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ እጅን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኖ ከነሥሩ መንቀል፤ ካበበ በኋላ የተነቀለውን መንገድ ዳር አለመጣል፤ ከዚያም የተነቀለበትን ቦታ ራቁቱን አለመተው፣ ከልሎ ሣር እንዲይዝ ማድረግ። ነቅሎ ባዶውን መተው ለሚቀጥለው ዘር አልጋ ማንጠፍ ነውና። በአንድ ሰው ጉልበት አይሆንም። አንዱ ሲነቅል ሌላው ቢተው ነፋስና ጎርፍ ይመልሰዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው።

ባለፈው እረፍት አገር ቤት ገብተን ነበር። መጀመሪያ የሄድነው ወደ ትምህርት ቤታችን ነው። እኛ በድንጋይ የከበብናት መደብ ዛሬ የለችም፤ ከአጥሩ እስከ ወንዙ መውረጃ ግን ነጭ ሆኗል። ልጅ ሳለን በጎች የምናግድበት ሰርዶ የነበረው ሜዳ ነው። ሁሉም ከእኛ ተክል የወጣ ነው አንልም፤ ከመንገዱም መጥቶ ይሆናል፤ መኪናው አላቋረጠም። ቢሆንም ቆመን ስናየው ሆዳችን ባባ።

ማታ ለእናታችን ነገርናት። የዚያን ጊዜ የነቀልሽውን መልሰን የተከልነው እኛ ነን ብለን ተናዘዝን። ዝም ብላ ቡናዋን ቀዳች።

«አውቃለሁ» አለች። «በማግስቱ ውኃ ልቀዳ ሳልፍ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽንም?»

«አስተማሪው ያለውን ትታችሁ የእኔን ልትሰሙ ኖሯል?»

በዚህ ንግግር ላይ ምን ይጨመራል? ጧት ላይ ፌስታል በእጃችን አስረን አብረን ወረድን። ሁለት የጎረቤት ልጆችም ተከተሉን። እስከ ቀትር አንድ የቤት ግቢ የሚያህል ነቀልን። ከሜዳው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ነገር ግን ከአረሙ ሥር፣ ልጥፍ ብሎ፣ ቢጫ የመሰለ ሰርዶ አገኘን። አልሞተም ነበር። እናታችን በጣቷ አፈሩን አልበስ አልበስ አደረገችለት።

ውድ ጓደኞቻችን! ጥቂት ቆይተን ዲፕሎማችንን ይዘን በየገጠሩ እንበተናለን። ከእኛ መካከል አንዳንዱ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አርማጭሆ ቆላ ይመደባል። የተማሪዎቻችን እናቶች ደጃፋችን ላይ ቆመው «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብለው ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ከመሳቃችን በፊት እንስማ። እነሱ ስሙን በላቲን አያውቁትም፤ የበላቸውን ግን ያውቃሉ። እኛ ደግሞ ለምን እንደበላቸው ተምረናል። ሁለቱ እውቀት አንድ ላይ ከዋለ፣ ያገሩ በሬ ያልቻለውን ሰርዶ ያገሩ ሰው ይችለዋል።

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ያበቃ ሰው በተቋማችን አጥር ጓሮ፣ ከውኃ ቧንቧው ጀርባ ያለችውን ነጭ አበባ ሄዶ ይያት። ትናንት ስንቆጥር ሰባት ነበሩ። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ እንነቅላቸዋለን፤ ፌስታል ይዛችሁ ኑ።